ምንም ሳያመኝ ዕድሜ ልክ ጠብታ? ግላኮማ ያለባችሁ እስቲ አውሩኝ

ዓይን አፋር፦
ሰላም ለሁላችሁ። ዕድሜዬ አርባዎቹ ውስጥ ነው፣ የሁለት ልጆች እናት ነኝ። የንባብ መነጽር ላሠራ ሄጄ ግላኮማ (የዕይታ ነርቭን ቀስ በቀስ የሚጎዳው የዓይን በሽታ) አለብሽ ተብዬ ወጣሁ። የዓይኔ ውስጥ ግፊት ቀኙ 27፣ ግራው 24 ነው። ሐኪሟ የነርቩን ፎቶ አሳየችኝና "ቀኙ መሳሳት ጀምሯል" አለችኝ። ማታ ማታ የሚጨመር ላታኖፕሮስት የሚባል ጠብታ ታዘዘልኝ። እስከ መቼ ስላት፣ ዕድሜ ልክ አለችኝ።

ግራ የገባኝ ምንም አለማመሜ ነው። አነባለሁ፣ መኪና እነዳለሁ፣ መርፌ ላይ ክር አስገባለሁ። ጠብታውን ከጀመርኩ ወዲህ ግን ዓይኔ ቀልቶ ነው የሚያድረው። ይቆረቁረኛል። ሰው ሁሉ "አልቅሰሽ ነው እንዴ?" ይለኛል። ደህና የነበረውን ዓይን መድኃኒቱ አሳመመው ማለት አይደል? ብተወውስ ምን ይመጣል? ኢንተርኔቱን ሳነብ እንቅልፍ አጣሁ። ግማሹ ትታወሪያለሽ ይለኛል፣ ግማሹ ካፕሱል ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ከዚህ ነገር ጋር ዓመታት የኖራችሁ ሰዎች ናችሁ የምትገቡኝ።

ቀስ በቀስ፦
እህቴ፣ እንኳን መጣሽ። መጀመሪያ ረጋ በይ። እኔ ወጣት ሳለሁ ነው የተነገረኝ፣ አሁን ጡረታ ልወጣ ነው። ዛሬም አነባለሁ። በጊዜ ተገኝቶ ክትትሉን ያላቋረጠ ሰው አብዛኛው የሚሠራበትን ዕይታ ይዞ ነው የሚያረጀው።

"ምንም አያመኝም" ያልሽው ግን የበሽታው ጠባይ ራሱ ነው። የተለመደው ዓይነት፣ ክፍት ማዕዘን የሚሉት፣ አያምም፣ አያቀላም። መጀመሪያ የሚነካው ከመሃል ራቅ ያለውን ዕይታ ነው። የምታነቢበትና ክር የምታስገቢበት መሃሉ ብዙውን ጊዜ መጨረሻ ላይ ነው የሚነካው። ደግሞ ጥቁር ነገር አታዪም። ሥዕል ላይ የሚያሳዩት ጥቁር ዋሻ ከብዙ ሰው ልምድ ጋር አይገጥምም። አንጎል የጎደለውን ከዙሪያው እየገመተ ይሞላዋል፣ አንዱ ዓይን ያጣውን ሌላው ይሸፍንለታል። ስለዚህ "ደህና አያለሁ" ማለትሽ ምንም አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው የነርቩ ፎቶና የዕይታ ስፋት ምርመራው ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ዓይን ውስጥ ሁሌ የሚመረት ጥርት ያለ ፈሳሽ አለ፤ እንባ አይደለም፣ ውስጥ ነው ያለው። ባለ ቀለሙ የዓይን ክፍልና ኮርኒያ (ከፊት ያለው ጥርት ያለ ሽፋን) በሚገናኙበት ማዕዘን በኩል ወጥቶ ወደ ደም ይገባል። የእጅ መታጠቢያ ገንዳ አስቢ፤ ቧንቧው ክፍት ሆኖ ማስወገጃው ከዘገመ ይሞላል። ዓይን ግን ዝግ ስለሆነ የሚፈስበት የለም፣ ግፊት ይሆናል። ያ ግፊት ከኋላ ያለውን የዕይታ ነርቭ ይጎዳል። ነርቩ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ክሮች አሉት፣ የሞተ ክር አይመለስም። ጠብታም በዪው ሌዘር ወይ ኦፕራሲዮን፣ ሥራው ግፊቱን ዝቅ አድርጎ የቀሩትን ማቆየት ነው።

ሞግች፦
ቀስ በቀስ ያለው ልክ ነው፤ ግን የግፊት ቁጥር ላይ ብቻ አትቸከሉ። እኔ ተለክቶ ከ16 አልፎልኝ አያውቅም፣ ግላኮማ ግን አለብኝ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ 25 ይዞ ነርቩ ንጹህ ነው፤ ጠብታ የለም፣ በየጊዜው ይታያል ብቻ። ከ10 እስከ 21 "ኖርማል" የሚባለው አብዛኛው ጤነኛ ሰው እዚያ መሃል ስለሚገኝ ነው። 21 ላይ የቆመ አጥር የለም።

ሌላ፣ ኮርኒያው ወፍራም የሆነ ሰው መሣሪያው ከፍ አድርጎ ያነብለታል። ቀጭን ከሆነ ደግሞ ዝቅ አድርጎ ያታልለዋል። ውፍረቱ ተለክቶልሻል? ካልተለካ ጠይቂ።

በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ግፊታቸው ከፍ ብሎ ነርቫቸው ግን ያልተነካ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ ተከታተለ። በ5 ዓመት ውስጥ ጠብታ ካልተሰጣቸው 9.5 በመቶው፣ ከተሰጣቸው ደግሞ 4.4 በመቶው ወደ ግላኮማ ሄዱ። ጠብታው ይሠራል ማለት ነው፤ አደጋውን በግማሽ ቀንሶታል። ግን ደግሞ ካልተሰጣቸውም ውስጥ ከአሥሩ ዘጠኙ በዚያ ጊዜ ምንም አልሆኑም። ለዚህ ነው ግፊት ያለው ሁሉ ወዲያው ጠብታ የማይጀምረው። አንቺ ግን ነርቭሽ መሳሳት ከጀመረ ከዚያ ቡድን ወጥተሻል። ብተወው ለሚለው ጥያቄሽ መልሴ አትተዪው ነው።

ዓይን አፋር፦
እሺ፣ ተዋጠልኝ ማለት ባልችልም ገባኝ። ስለ ኮርኒያ ውፍረት ማንም አልነገረኝም፣ እጠይቃለሁ። ቀይ ዓይኑን ግን ምን ላድርገው? ሰው ፊት መቆም የሥራዬ አካል ነው።

ነርሷ፦
የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። ሐኪም ስላልሆንኩ የማንንም መድኃኒት እዚህ አልቀይርም። ጠብታ አጨማመር ላይ ግን ብዙ እንጀራ ስለበላሁበት ልናገር።

ላታኖፕሮስት ሲጀመር ዓይን ማቅላቱ የታወቀ ነው። ብዙ ሰው ላይ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይበርዳል። ካልበረደ ደግሞ ጥፋቱ የመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። ብዙዎቹ ጠብታዎች ውስጥ ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባል፣ ጠብታው እንዳይበላሽ የሚጨመር ማቆያ አለ፤ ደረቅ ዓይን ያለውን ሰው ያቃጥላል። ማቆያ የሌለበት ዓይነትም ይሠራል። ስለዚህ በራስሽ አታቁሚ፤ ደውዪና "ቀይ ሆኖ ቀረ፣ ሌላ አማራጭ አለ ወይ" በዪ። ይሄን ስትጠይቂ የሚቆጣሽ ባለሙያ ሊኖር አይገባም።

ስለሌሎቹም አስቀድሜ ልንገርሽ፣ ኋላ እንዳትደነግጪ። ሽፋሽፍትሽ ይረዝማል፣ ይጠቁራል፤ ይሄን የሚያማርር ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። የዓይን ቆብሽ ቆዳ ጠቆር ሊል ይችላል። የዓይን ቀለማቸው ፈዘዝ ያለ ሰዎች ላይ ቀለሙ ሊጠቁር ይችላል፤ እሱ አይመለስም። አንድ ዓይን ላይ ብቻ ለሚጨምር ሰው ልዩነቱ ይታያል። ቆዳ ላይ የፈሰሰውን ወዲያው መጥረግ ይረዳል።

አሁን ወደ ዋናው። ጭንቅላትሽን ወደ ኋላ አድርጊ፣ የታችኛውን ቆብ ሳብ ስታደርጊው ኪስ ይሠራል፣ እዚያ አንድ ጠብታ ጣል አድርጊ። አንድ ብቻ። ዓይን ከአንዷ ጠብታ በላይ መያዝ ስለማይችል ሁለተኛዋ ጉንጭሽን ነው የምታጥበው። ከዚያ ጨፍኚ፣ አታርገብግቢ። አፍንጫሽ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣትሽ ጫን አድርገሽ ሁለት ደቂቃ ያህል ያዢው። እዚያ ጋ እንባን ወደ አፍንጫ የሚያወርድ ቧንቧ አለ። ካልተጫነ መድኃኒቱ በዚያው ወርዶ ደም ውስጥ ይገባል፤ ለዓይንሽ የሚቀረው ያንሳል፣ ለሌላው ሰውነትሽ የሚደርሰው ይበዛል።

ሁለት ዓይነት ጠብታ ያለው ሰው በመሃል 5 ደቂቃ ይጠብቅ፤ አለበለዚያ ሁለተኛው የመጀመሪያውን ያጥበዋል። የጠርሙሱ አፍ ዓይንም ጣትም አይንካ። ኮንታክት ሌንስ ካለሽ አውልቀሽ ጨምሪ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ መልሺ። አንድ ማታ ከረሳሽ በማግስቱ እጥፍ አይደረግም። ላታኖፕሮስት በቀን ከአንዴ በላይ ሲጨመር እንዲያውም ጉልበቱ ይቀንሳል።

የአባቷ ልጅ፦
የጥጓን ነገር ቀልድ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ለዓመታት ጠብታ ይጨምር ነበር። ከጊዜ በኋላ ደከመው፣ ደረጃ ሲወጣ ትንፋሽ ያጥረው ጀመር፣ የልብ ምቱም ዝግ አለ። ሐኪም "ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?" ሲለው ሁሉንም ይቆጥራል፣ ጠብታውን ግን አይጠራም። "እሱ የዓይን ነው" ይላል። ጠብታው ቲሞሎል ነበር። ቲሞሎል የልብ ምት ከሚያዘገዩት ክኒኖች ወገን ነው፤ አስም ያለበትን ሰው ደግሞ ትንፋሹን ሊዘጋው ይችላል። አባቴ በወጣትነቱ አስም ነበረው፣ ግን ዓይን ክፍል ማንም አልጠየቀውም። በሌላ ተቀየረለትና ሰው ሆነ።

እባካችሁ የትኛውም ሐኪም ጋ ስትሄዱ ጠብታችሁንም ተናገሩ። አስም፣ የዘገየ የልብ ምት ካለባችሁ ደግሞ ለዓይን ሐኪሙ ሳትጠየቁ ንገሩት።

ሌላው ችግራችን የእጁ መንቀጥቀጥ ነበር። ግማሹ ግንባሩ ላይ ይፈሳል። አሁን አልጋው ላይ በጀርባው ተኝቶ፣ የጠርሙሱን እጅ ግንባሩ ላይ አስደግፎ ይጨምራል። የቀዘቀዘ ጠብታ ዓይን ላይ ማረፉ ስለሚታወቅ ፍሪጅ ውስጥ ነው የምናስቀምጠው። ገባ አልገባ ብሎ መልሶ መላልሶ መጨመሩ በዚህ ቀረ።

ነርሷ፦
ጎበዝ ልጅ። ያልተከፈተ ላታኖፕሮስት አብዛኛውን ጊዜ ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚቀመጠው። ከተከፈተ በኋላ ከሙቀት ከራቀ ውጭም ይቆያል፣ ግን በ4 ወይም በ6 ሳምንት ይጣላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለውን እዩ። የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉት። ግማሹ ቀረ ብሎ ወራት የሚያቆይ ሰው በጣም ብዙ ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አታስገቡት።

ጨረቃ፦
ማንም ስለ ሌዘር አላወራም እኮ! ዓይን አፋር፣ አንቺ ክፍት ማዕዘን ከሆንሽ ኤስኤልቲ የሚባለውን ጠይቂ። እኔ ጠብታው አልስማማኝ ብሎ ነው ያደረግኩት። የሚያደነዝዝ ጠብታ ተጨመረልኝ፣ አገጬን መሣሪያው ላይ አስቀመጥኩ፣ ዓይኔ ላይ ሌንስ ተደረገ፣ አረንጓዴ ብልጭታ ተከታትሎ መጣ። በደቂቃዎች ያልቃል። ትንሽ ጠቅ ጠቅ ያደርጋል እንጂ አያምም። በዚያው ቀን ቤቴ ገባሁ። ዕይታዬ ለጥቂት ሰዓት ደብዘዝ ብሎ ነበር።

ሥጋ አይቆርጥም፣ አይበሳም። ፈሳሹ የሚወጣበትን ቦታ ቀስቅሶ በደንብ እንዲያሳልፍ ያደርገዋል። ውጤቱ ወዲያው አይደለም፣ ሳምንታት ይወስዳል። ለዘላለምም አይደለም፤ ሲዳከም ሊደገም ይችላል።

ሞግች፦
እኔም ላነሳው ነበር። በ2019 ላንሴት በሚባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የእንግሊዝ ጥናት አለ፣ አዲስ የታወቀባቸውን ሰዎች ግማሹን በጠብታ፣ ግማሹን በኤስኤልቲ ያስጀመረ። በ3 ዓመቱ በሌዘር ከጀመሩት 74 በመቶው ያለ ምንም ጠብታ የታሰበላቸው ግፊት ላይ ነበሩ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ከጠብታው ቡድን 11 ሰው ለግላኮማ ቀዶ ሕክምና ሲያስፈልገው፣ ከሌዘሩ ቡድን አንድም አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ሐኪም ገና ከጅምሩ ሌዘሩን እንደ አማራጭ ያቀርባል። "ዕድሜ ልክ ጠብታ" የተባለው ነገር ስለዚህ ብቸኛው መንገድ አይደለም። ዕድሜ ልክ የሆነው ክትትሉ ነው።

ለሁሉም ሰው አይሆንም ግን። የእኔ ግፊት ከመነሻው ዝቅተኛ ስለሆነ ሌዘሩ የሚቀንስልኝ ትንሽ ነው ተብዬ ጠብታ ላይ ነኝ።

ተፈጥሮ ወዳጅ፦
ሰላም ወገኖች። የፋብሪካ ኬሚካል ዓይናችሁ ውስጥ ከምትጨምሩ ግላኮማን ከሥሩ ነቅሎ የሚጥል የዕፅዋት ካፕሱል አለኝ። ብዙ ሰው ድኗል። በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

ሞግች፦
"ድኗል" ማለት ምን ማለት ነው? የሞተ ነርቭ ተነሣ? ከመጠቀማቸው በፊትና በኋላ የተነሣ የዕይታ ስፋት ውጤት አለህ? ግፊታቸው ተለክቷል? "ደህና ነኝ አሉኝ" እንዳትለኝ፣ እዚህ ያለነው ሁሉ ደህና ነን የሚል ሰው ነን።

አስተባባሪ፦
ተፈጥሮ ወዳጅ፣ እዚህ መድኃኒት መሸጥ ክልክል ነው። የውስጥ መስመርህ ተዘግቷል። ሌሎቻችሁ ቀጥሉ።

ቀስ በቀስ፦
ሚዛናዊ ለመሆን ያህል፣ ምርምር እየተደረገባቸው ያሉ ነገሮች አሉ። ኒኮቲናማይድ የሚባለው የቫይታሚን ቢ3 ዓይነት ነርቩን ያግዝ እንደሆነ ሰው ላይ እየተሞከረ ነው። ግን ለጥናቱ የሚሰጠው መጠን በጣም ከፍተኛ ነው፣ ጉበትን ሊነካ ስለሚችል እየገዙ መዋጥ አይገባም። ካናቢስም ግፊት ይቀንሳል ተብሎ ብዙ ይወራል። ይቀንሳል፣ ለ3 ወይም 4 ሰዓት። ቀንና ሌሊት እያጨሰ የሚውል ሰው ካለ ዓይኑ ከችግሮቹ ትንሹ ይሆናል።

ሌሊት ሠራተኛ፦
እናንተ የምታወሩት ስለ ዝምተኛው ነው። የእኔ ጮኸ። ማታ ሥራ ላይ ሆኜ ቀኝ ዓይኔንና ግንባሬን ሊፈነዳ የደረሰ ሕመም ያዘኝ። መብራቱ ዙሪያ ባለ ቀለም ክብ ይታየኛል። ከዚያ ማስመለስ። የሄድኩበት ቦታ መጀመሪያ ማይግሬን ነው፣ ኋላ ደግሞ ጨጓራ ነው አሉኝ። ዓይኔ እንደ ቀላና ብዥ እንዳለ አይታ የዓይን ሐኪም የጠራችው አንዲት ተለማማጅ ነች። ግፊቱ ከ50 በላይ ነበር። ማዕዘኑ ጠባብ ሆኖ ተዘግቶ ኖሯል።

ክኒን ሰጡኝ፣ አሴታዞላማይድ፤ ጣቶቼ ሲነዝሩኝ ዋሉ፣ ሽንት ቤት ተመላለስኩ። ጠብታም ተጨመረ። ከዚያ በሌዘር ባለ ቀለሙ ክፍል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበሳልኝ፣ ፈሳሹ አማራጭ መንገድ እንዲያገኝ። ደህና የነበረው ግራ ዓይኔም ቅርጹ ያው ስለሆነ አብሮ ተበሳ። አሁን ሌንሱን ስለማውጣት እየተነጋገርን ነው። የዓይን ሞራ ባይኖርም ሌንሱ ወፍሮ ማዕዘኑን ስለሚገፋው፣ ማውጣቱ ቦታ ይሰጣል አሉኝ።

ከዚያ በፊት ለጉንፋን አፍንጫ የሚከፍት ክኒን ስወስድ ነበር። ማዕዘናቸው ጠባብ ነው የተባሉ ሰዎች የእነዚህን መድኃኒቶች ማስጠንቀቂያ ያንብቡ። ሌዘር ከተሠራላችሁ ወይም ማዕዘናችሁ ክፍት ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ አያሰጋም፣ ሐኪማችሁን ጠይቃችሁ ተገላገሉ።

ነርሷ፦
ይሄ ድንገተኛ ነው፣ ሰዓታት ይቆጠራሉ። ኃይለኛ የዓይን ሕመም፣ መቅላት፣ ድንገት ብዥ ማለት፣ መብራት ዙሪያ ክብ፣ ማቅለሽለሽ። እስኪነጋ አይጠበቅም።

ዓይን አፋር፦
ሌሊት ሠራተኛ፣ እግዜር ይማርህ፣ አስደነገጥከኝ። የእኔ ክፍት ነው መሰለኝ። እንዴት ነው የሚታወቀው? እና ስለ ኦፕራሲዮን የሚያውቅ ሰው አለ? እዚያ የምደርስ እየመሰለኝ ነው።

ቀስ በቀስ፦
መስታወት ያለው ሌንስ ዓይንሽ ላይ አስደግፈው ማዕዘኑን በቀጥታ ያዩታል። ያለዚያ ክፍት ነው ጠባብ ነው ማለት አይቻልም። ኦፕራሲዮን ላይ ጋሼ መነጽርን ጠብቂ፣ እሳቸው ናቸው ባለ ታሪኩ።

ጋሼ መነጽር፦
ስሜ ተጠራ። ልጄ፣ ብዙ ሰው እዚያ አይደርስም፣ አትቸኩዪ። እኔ የደረስኩት ሦስት ዓይነት ጠብታ እየጨመርኩ የዕይታ ስፋቴ ከምርመራ ምርመራ እየጠበበ ስለሄደ ነው።

የተሠራልኝ ትራቤኩሌክቶሚ የሚባለው ነው። ከ1968 ጀምሮ የነበረ አሮጌ ኦፕራሲዮን ነው፣ ዛሬም ይሠራበታል። ነጩ የዓይን ክፍል ላይ በክዳን የተሸፈነ ትንሽ መውጫ ይከፍቱና ፈሳሹ በላይኛው ቆብ ሥር ይጠራቀማል። ቆቤን ብገልጥልሽ ትንሽ እብጠት ታያለሽ። ጠባሳ መልሶ እንዳይዘጋው መድኃኒት ያስነኩታል። ቱቦ የሚያስገቡላቸውም ሰዎች አሉ፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ከዓይን ሞራ ኦፕራሲዮን ጋር አብረው የሚገቡ በጣም ትንንሽ መሣሪያዎች መጥተዋል፤ ግን ለቀለል ያለ ደረጃ ነው።

ማንም ያልነገረኝ ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ያለውን ነው። ክፍሉ ውስጥ ያሳለፍኩት ጊዜ ቀላሉ ነበር። ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ናቸው የከበዱኝ። ብዥታ፣ መቆርቆር፣ ጎንበስ አትበል፣ ከባድ አታንሣ፣ በየጊዜው መመላለስ፣ ስፌት ማስላላት። ሐኪሙ ግፊቴ 11 ገባ ብሎ ሲደሰት እኔ ጋዜጣ ማንበብ አቅቶኝ ተናድጄ ነበር። እሱ ልክ ነበር፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ኦፕራሲዮኑ የጠፋውን አይመልስም፤ የተሻለ አያለሁ ብዬ የገባሁ ከሆነ አዝናለሁ። መጥበቡ ግን ቆሟል።

እብጠቷ ያለችበት ሰው ዓይኑን አይሽ። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመው፣ ፈሳሽ ካወጣ በዚያው ቀን ይሂድ። ኢንፌክሽን እዚያ በኩል ወደ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ዓይን አፋር፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ፣ በግልጽ ስለነገሩኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት፤ መኪና ይነዳሉ?

ጋሼ መነጽር፦
አልነዳም። ሁለቱም ዓይኖቼ ከታች በኩል ጎድለው ነበር፣ የመንጃ ፈቃድ ምርመራው ላይ አላለፍኩም። አንቺ ገና ነሽ። የአንቺን የሚወስነው የሁለቱም ዓይን አንድ ላይ የዕይታ ስፋት ነው፣ ሐኪምሽን በቀጥታ ጠይቂያት። እኔን መጀመሪያ ያስቸገረኝ ማታ ከፊት የሚመጣ መብራት ነበር።

የአባቷ ልጅ፦
አባቴም ከታች በኩል ነው የጎደለው። የመጨረሻውን ደረጃ ይስታል። የደረጃዎቹን ጠርዝ በደማቅ ቀለም ቀባን፣ ምንጣፍ አነሣን፣ የሌሊት መብራት አደረግን። ከጎኑ ድንገት አልመጣበትም፣ ከሩቅ ድምፄን አሰማለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያስቸገረን ግን ሌላ ነው፤ መንገድ ላይ ሰው ሰላም ብሎት ሲያልፍ ስለማያየው "ኮራብን" ይሉታል። ይሄ ከደረጃው በላይ ያሳዝነዋል።

ጨረቃ፦
ጨዋታ ለመቀየር ያህል፣ ያንን የዕይታ ስፋት ምርመራ የሚወድ ሰው አለ? አንድ ዓይንሽን ሸፍነው፣ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ አስገብተውሽ "መሃሉን ብቻ እያየሽ መብራት ባየሽ ቁጥር ተጫኚ" ይላሉ። መብራቱ ደግሞ ሊታይ አይችልም። ግማሹን ያየሁ፣ ግማሹን የፈጠርኩ ይመስለኛል። ስወጣ ሁሌ ታውሬአለሁ ብዬ ነው የምወጣው።

ቀስ በቀስ፦
ሃሃ፣ እኔ እንቅልፍ ወስዶኝ ያውቃል።

ነርሷ፦
ይሄን ለሁሉም ሰው ብነግር ደስ ባለኝ። መሣሪያው ሆን ብሎ መብራቱን እያደከመ ማየትና አለማየት የሚለያዩበትን ጠርዝ ነው የሚፈልገው። በጣም ጤነኛ ሰውም ከሚበራው ግማሽ ያህሉን አያይም። ካላያችሁ አትጫኑ፣ ማርገብገብ ይፈቀዳል፣ ከደከማችሁ ቁልፉን ተጭናችሁ ስትይዙ ብዙዎቹ መሣሪያዎች ይቆማሉ። የመጀመሪያው ውጤት ብዙ ጊዜ መጥፎ ነው፣ ሰው ገና እየተማረው ስለሆነ። አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ የሚፈርድ ሐኪም የለም፤ ተደጋግሞ ሲታይ ነው መጥበቡና ፍጥነቱ የሚለየው። ጠብታው ይበቃል አይበቃም የሚባለውም በዚያ ነው።

ሞግች፦
ቁጥሩን የሚወድ ሰው ካለ፣ አንድ የስዊድን ጥናት ላይ ግፊት በ1 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በቀነሰ ቁጥር የመባባስ አደጋው በ10 በመቶ ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ከ27 ወደ 18 መውረድ "ትንሽ" አይደለም። ሐኪምሽን "ለእኔ የታሰበው ግፊት ስንት ነው?" ብለሽ ጠይቂያት። ለእኔ 12 ነው፣ ለአንቺ ሌላ ሊሆን ይችላል።

ዓይን አፋር፦
ተመለስኩ። ደውዬ ሄድኩ። የኮርኒያዬ ውፍረት ተለካ፣ ቀጭን ነው፤ ማለትም 27 የተባለው ከዚያም በላይ ሊሆን ይችላል። ማዕዘኑ ክፍት ነው። የታሰበልኝ 18 እና ከዚያ በታች ነው። ማቆያ ወደሌለው ጠብታ ቀየረችልኝ፣ ሌዘሩንም ራሷ አነሣችው፤ ወረፋ ያዝኩ። ቅላቱ ቀንሷል። አሁንም ጠብታውን አልወደውም፤ ግን እየጨመርኩ ነው።

ጥቂት ጥያቄዎች ቀሩኝ። በጭንቅላት መቆም ያለበት ስፖርት እሠራለሁ፣ ልተወው? ቡናስ? እና ወንድሜና ልጆቼ መታየት አለባቸው?

ነርሷ፦
በጭንቅላት መቆሙን ተዪው፣ ግፊቱን በዚያች ቅጽበት በጣም ይጨምረዋል። ትንፋሽ ይዞ ከባድ ማንሣትም አይመከርም። መራመድ፣ መሮጥ፣ ዋና ግን ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ይቀንሰዋል። ዋና ላይ ዓይን ላይ የሚጣበቅ ጠባብ መነጽር አታድርጊ፣ ሰፋ ያለውን ምረጪ። አንድ ሁለት ስኒ ቡና አይከለከልም። አንድ ሊትር ውሃ በአንድ ትንፋሽ አትጠጪ፣ ከፋፍለሽ ጠጪ። ኮሌታም አይነቅሽ። ከሁሉም በላይ ስቴሮይድ ያለበት ነገር ሲታዘዝልሽ፣ በተለይ የዓይን ጠብታ፣ ግላኮማ አለብኝ በዪ።

ወንድምሽ፣ አዎ፣ አሁኑኑ። ከዘመድ ሁሉ አደጋው ከፍ የሚለው ለወንድምና ለእህት ነው። እናት አባት ካሉ እነሱም። ልጆችሽ አሁን ሕፃናት ከሆኑና ዓይናቸው ካልተለየ አትጨነቂ፤ የሕፃናቱ ግላኮማ ሌላ ዓይነት ነው፣ የዓይን መጠን መተለቅ፣ ብርሃን መፍራት፣ እንባ ማብዛት ያሳያል። ልጆችሽ ሲያድጉ ግን የእናታቸውን ታሪክ ይወቁት።

ዓይን አፋር፦
ወንድሜ "እኔ ምንም አያመኝም" አለኝ።

ቀስ በቀስ፦
የዚህን ክር ሊንክ ላኪለት። ከጋሼ መነጽር ጀምሮ እንዲያነብ ንገሪው፣ የእኛን ቢዘለውም ግድ የለም። ቀጠሮውን ደግሞ አንቺ ያዢለት።